የመስታወት እጀታ በኪሴ፦ ሰባት ቀን በቶዮታ አገር

ሰኞ

ሺንካንሴኑ፣ ፈጣኑ ባቡር፣ ከቶኪዮ ናጎያ ለመድረስ አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ያህል ፈጀበት። ለሥራ ሥልጠና የመጣሁበት ሁለት ሳምንት ዓርብ ዕለት አልቋል። ከዓመት ፈቃዴ ሰባት ቀን ወስጄ ወደዚህ የመጣሁበትን ምክንያት ለባልደረቦቼ በደንብ አላስረዳሁም፤ ቢስቁብኝ አይፈረድባቸውም። በኮቴ ኪስ ውስጥ አንዲት ጥቁር የመስታወት ማውረጃ እጀታ አለች። የምትጨበጥበት ጫፏ ተሰብሯል፤ ከበሩ ዘንግ ጋር የሚያያይዛት ጥርሷ አልቆ ልሙጥ ሆኗል። ከአባቴ ኮሮላ የሾፌር በር ላይ የተፈታች ናት።

መኪናዋ የ1986 ስሪት ናት። አዲስ አበባ ላይ ዲኤክስ የምንላት ዓይነት፤ ነጭ፣ ባለ 1.3 ሊትር ሞተር፣ ካርቡራተሯ ጠዋት ጠዋት የሚያኮርፍ። (ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ የመኪና ዕድሜ እኛም አገር የሚቆጠረው በዚያው ነው።) አባቴ፣ ነፍሱን ይማርና፣ ሲታመም ከልጆቹ አስቀድሞ የሚነግረው ለመካኒኩ ነበር። "እኔ ብተኛ ዘይቷን መቀየር እንዳትረሳ" ይለው ነበር።

መካኒኩ ዛሬም አሉ። ጋሼ እላቸዋለሁ። መሄዴን ስነግራቸው እጀታዋን ከመሳቢያቸው አውጥተው በጋዜጣ ጠቅልለው ሰጡኝ። "ልጄ፣ ጃፓን ከሄድህ አይቀር ኦሪጅናሏን ይዘህልኝ ና። እናቷ ቤት እንዴት ትጠፋለች?"

ናጎያ ስደርስ ያሰብኳቸው ትልልቅ ሙዚየሞች ሰኞ ዝግ መሆናቸውን አወቅሁ። ስለዚህ ከጣቢያው ፊት ለፊት ባለው መንገድ ዳር ቆሜ መኪና ስቆጥር አመሸሁ። ግማሽ ያህሉ ቶዮታ ነው፤ ይህ አልገረመኝም፣ አዲስ አበባም እንዲያው ነው። የገረመኝ ሌላ ነው። አንድም ጡሩንባ አልሰማሁም፤ ለአባቴ መኪና እኩያ የምትሆን አንዲት መኪናም አላየሁም።

ማክሰኞ

ከጣቢያው ተነስቼ በእግሬ ሄድኩ። የቶዮታ የኢንዱስትሪና የቴክኖሎጂ መታሰቢያ ሙዚየም በቀይ ጡብ የተሠራ የድሮ ፋብሪካ ነው፤ ቦታው ሳኪቺ ቶዮዳ በ1911 የሽመና ፋብሪካ የከፈተበት ነው። ገብቼ መኪና ስጠብቅ የተቀበለኝ የሸማኔ ዕቃ ነው። አዳራሽ ሙሉ የሽመና ማሽን!

ሳኪቺ በ1867 የተወለደ የአናጺ ልጅ ነው። በ1890 የሠራው የእንጨት መሸመኛ እዚህ ቆሟል። ፊቱ ብዙ ቆምኩ። ሽሮ ሜዳ ሄዶ ሸማኔ ሲሠራ ያየ ሰው ይህን ዕቃ ለመረዳት አስተርጓሚ አያስፈልገውም። ድሩ ተወጥሯል፣ ማጉ በመወርወሪያው ውስጥ ነው። የእኛ ሸማኔ ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀምጦ በእግሩ ድሩን ይከፍታል፣ በአንድ እጁ ወርውሮ በሌላው ይቀልባል። ሳኪቺ ያደረገው ቀላል የሚመስል ነገር ነው፦ መምቻውን ወደ ራስህ ስትስበው መወርወሪያው በራሱ ይሮጣል፤ ሁለት እጅ ይፈልግ የነበረው ሥራ በአንድ እጅ ይሆናል። ቀላል የሚመስለውን ነገር ግን ከእርሱ በፊት የነበሩት የመንደሩ ሰዎች አላሰቡትም።

በ1924 የተሠራው የጂ ዓይነት አውቶማቲክ ማሽን ዘንድ ስደርስ አንዲት አስጎብኚ ማሽኑን አስነሳችልን። ጩኸቱ የወፍጮ ቤት ነው። በመወርወሪያው ውስጥ ያለው ማግ ሊያልቅ ሲል ማሽኑ ሳይቆም በሌላ ይተካዋል። ከዚያ ልጅቷ በመቀስ ከሺዎቹ የድር ክሮች አንዷን ቆረጠች። ክሯ ይዛው የነበረ አንድ ቀጭን ብረት ወደ ታች ወደቀ፤ ማሽኑ ወዲያው ጸጥ አለ። ያን ሁሉ ጩኸት ያስቆመው ከጣት ጥፍር የማይወፍር ብረት ነው። በዚህ ምክንያት አንድ ሠራተኛ ከ30 በላይ ማሽን ሊጠብቅ ቻለ፤ የተበላሸው ራሱ ስለሚቆም ቆሞ ማፍጠጥ አያስፈልገውም። ኦልድሃም የነበረው የእንግሊዙ ፕላት ብራዘርስ በ1929 የማሽኑን መብት ለመግዛት የተዋዋለው በ100,000 ፓውንድ ነው። የዓለምን የሽመና ማሽን ስታመርት ለኖረችው እንግሊዝ ይህ ቀላል ውርደት አልነበረም።

የሳኪቺ ልጅ ኪይቺሮ መሐንዲስ ነበር። በ1933 በአባቱ የሽመና ማሽን ፋብሪካ ውስጥ የመኪና ክፍል ከፈተ፤ አንድ ሼቭሮሌ ገዝቶም ብትንትኑን አወጣው። የእኛን ሶማሌ ተራ ያየ ሰው ይህን የምርምር ዘዴ ያውቀዋል። መኪናው ክፍል ውስጥ የእንጨት ቅርጽ አለ፤ ሠራተኞቹ ቆርቆሮውን በዚያ ላይ እያስተኙ በመዶሻ ይቀጠቅጡት ነበር። የመጀመሪያው ጂ1 የጭነት መኪና በ1935 ለሽያጭ ሲቀርብ በየመንገዱ ይቆም ነበር። የኩባንያው ሰዎች ቅሬታ በመጣ ቁጥር ወዳለበት ይሄዳሉ፤ ኪይቺሮ ራሱ ሳይቀር። አለመሰበር የሚባለው ስም ከመሰበር ነው የተጀመረው። ይህን በሙዚየማቸው ግድግዳ ላይ አለመደበቃቸውን ወደድኩላቸው።

ስሙም እዚሁ ተፈታልኝ። ቤተሰቡ ቶዮዳ ነው። በ1936 ለመኪናው ምልክት ውድድር ሲያወጡ 27,000 ያህል ሐሳብ መጣ፤ ያሸነፈው ቶዮታ ነው። በጃፓንኛ ፊደል "ዳ"ን "ታ" ለማድረግ ሁለት ጭረት መቀነስ ይበቃል፤ አሥር የነበረው ጭረት ስምንት ይሆናል፤ ስምንት ደግሞ ዕድለኛ ቁጥር ነው። በዚህ ላይ ቶዮዳ ማለት ለም የሩዝ ማሳ ማለት ነውና መኪናው ከገበሬ ስም ተላቀቀ።

ረቡዕ

እጀታዋን ይዤ አንድ የመለዋወጫ መደብር ገባሁ። ባንኮኒው ጀርባ ያለው ሰውዬ በሁለት እጁ ተቀበለኝ፣ እንደ ዕንቁ አገላብጦ አያት፣ ኮምፒውተሩን ጠየቀ። ከዚያም ተነስቶ ጎንበስ አለ። አስተርጓሚ ስልኬ "ይቅርታ፣ ማምረት ከቆመ ቆይቷል" አለኝ። ቁልፍ ተጭኖ መስታወት ለሚያወርድ ትውልድ እጀታ ምን ያደርግለታል?

ወደ ሆቴሌ ስመለስ የተሳፈርኩበት ታክሲ አሮጌ ክራውን ኮምፎርት ነው፤ የኋላ በሩ በራሱ ተከፍቶ ተዘጋ። ሾፌሩ ስድሳዎቹን ያለፈ ሰው ይመስላል። "ይህችን መኪና እንዴት ያያታል?" ብዬ ስልኬን አስጠየቅኩት። ቀይ መብራት እስኪይዘን ጠብቆ መለሰ፦ "ስነዳ ትዝ አትለኝም።" ስድብ መስሎኝ ነበር። ሲያብራራ ለካ ከዚህ የበለጠ ምስጋና አያውቅም፤ ስለ መኪናው ካላሰበ ሐሳቡ መንገዱና ተሳፋሪው ላይ ነው።

እኛ ዘንድ ይህን የሚል ባለቤት ፈልጌ አላገኘሁም። እህቴ ቪትዟን ስታቆም ዞራ ሳታያት አትሄድም። ስፖኪዮዋ ላይ የታርጋ ቁጥሯን አስቀርጻለች፤ ሌባ የሚወደው ቶዮታን ነውና። ዶልፊን ሚኒባስ የሚነዳው አማቼ ደግሞ "ቶዮታ ይታመማል እንጂ አይሞትም" ይላል፤ ሲታመምም ያንቆለጳጵሰዋል። ቅሬታውም ያው የዝና ቅሬታ ነው፦ ስሙ ስለሚሸጥ ገበያው በአስመሳይ ዕቃ ተሞልቷል፤ ዓመት የነዳኸው መኪና ከገዛህበት በላይ ስለሚጠየቅበት፣ አንዴ ከሸጥህ ሁለተኛ መግዛት አትችልም።

ሾፌሩ አሮጌ መኪና የማይታይበትን ምክንያትም ነገረኝ። ሻከን የሚባል ምርመራ አለ። አዲስ የቤት መኪና መጀመሪያ በሦስት ዓመቱ፣ ከዚያ በየሁለት ዓመቱ ይመረመራል። ወጪው የማይናቅ ነው። መኪናዋ ስታረጅ ባለቤቱ ከመታገል መሸጥን ይመርጣል፤ እርሷም መርከብ ላይ ትወጣለች።

ሐሙስ

ኮሳይ። ቶዮሃሺ ላይ ባቡር ቀይሬ ዋሺዙ ወረድኩ፤ ከዚያ በእግር። ሰማዩ የኅዳር ሰማይ ነው፤ በየግቢው የብርቱካን ዛፍ ፍሬው ቅርንጫፉን አጉብጦታል። የሳኪቺ የትውልድ ቤት እንደገና ታድሶ ቆሟል፤ ጣሪያው ወፍራም የሣር ክዳን፣ ውስጡ ጨለም ያለ። አጠገቡ ትንሽ ሙዚየም አለ። ከእኔ ሌላ ጎብኚ አልነበረም።

ሲነገር የኖረው ታሪክ ልጁ እናቱ ማታ ማታ ስትሸምን እያየ ድካሟን ለማቅለል ተነሳ የሚል ነው። ሊሆን ይችላል። እኔን ይበልጥ የያዘኝ ግን አባትየው ነው። ልጁ አናጺ እንዲሆንለት ይፈልግ ነበር፤ ልጁ ግን በተማረው የአናጺነት እጅ እየሠራ የሚያፈርሰው የሽመና ዕቃ ነበር። በ1890 ቶኪዮ ላይ የኢንዱስትሪ ኤግዚቢሽን ሲከፈት ሄዶ ማሽን ሲያይ ሰነበተ። ሥራ የሌለው ልጅ እንጨት እያበላሸ፣ ከተማ ሄዶ ማሽን ላይ አፍጥጦ ሲመለስ የጎረቤት ወሬ ምን እንደሚሆን ለማወቅ ጃፓናዊ መሆን አያስፈልግም።

መመለሻው ባቡር እስኪመጣ ጣቢያው ላይ ቀዝቃዛ የሩዝ ኳስ በላሁ። ሌላ የምጽፈው የለም።

ዓርብ

የቶዮታ ከተማ። እስከ 1959 ስሟ ኮሮሞ ነበር፤ የሐር ከተማ የነበረች። ኪይቺሮ በ1938 እዚህ ፋብሪካውን ከፈተ፤ ከተማዋ ከሃያ ዓመት በኋላ የራሷን ስም ጥላ የፋብሪካውን ያዘች። አንድ አገር ሰው የከተማውን ስም ለድርጅት ሲሰጥ ምን ይሰማዋል? የጠየቅኩት የለም፤ ቋንቋው ለእንዲህ ዓይነት ጥያቄ አይበቃኝም።

ቶዮታ ካይካን ከሚባለው አዳራሽ ተነስተን በአውቶቡስ ወደ ፋብሪካው ወሰዱን። ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው። የምንሄደው ከፍ ባለ የብረት ድልድይ ላይ ነው፤ ከታች መኪኖቹ በጉንዳን ፍጥነት ይጓዛሉ። ሠራተኛው ከመኪናው ጋር እየተራመደ ሥራውን በአንድ ደቂቃ ግድም ይጨርሳል፣ ወደ ቀጣዩ ይመለሳል። በመስመሩ ላይ ገመድ ተዘርግቷል። አንድ ወጣት ወንበር ሲያስገባ አንድ ነገር እምቢ አለው መሰለኝ፣ እጁን ሰድዶ ገመዱን ሳበ። ከላይ ያለው ሰሌዳ ላይ ቁጥር በራ፤ የሕፃን መጫወቻ የመሰለ ዜማ ተሰማ። አለቃው በፈጣን እርምጃ መጣ። አልተቆጣም፤ ጎንበስ ብሎ አየ፣ ሁለቱም እጃቸውን ከተቱ፣ ዜማው ቆመ። መስመሩ ሳይቆም ተፈታ። ባይፈታ ኖሮ መኪናው የተወሰነ ቦታ ሲደርስ ሁሉም ይቆም ነበር።

ማክሰኞ ያየሁት ቀጭን ብረት ይኸው ሰው ሆኖ መጣ። ይህን የሽመና ሐሳብ መኪና ፋብሪካ ውስጥ አስገብቶ ሥርዓት ያደረገው ታይቺ ኦኖ ነው፤ እርሱም ከቤተሰቡ የሽመና ኩባንያ የመጣ ሰው ነበር። ድርና ማግ እያልኩ ልጫወት አልኩና ተውኩት።

ገመዱ ግን ሁልጊዜ አልተሳበም። በ2009 እና በ2010 ከነዳጅ መርገጫና ከወለል ምንጣፍ ጋር በተያያዘ ኩባንያው በዓለም ዙሪያ ከ8 ሚሊዮን በላይ መኪኖች ለጥገና መልሶ ጠራ። የኪይቺሮ የልጅ ልጅ አኪዮ ቶዮዳ በየካቲት 2010 አሜሪካ ምክር ቤት ፊት ቀርቦ ዕድገታችን ከልክ በላይ ፈጥኖ ነበር ሲል አመነ። በ2014 ደግሞ ደንበኞችን አሳስቷል በሚል ለአሜሪካ መንግሥት 1.2 ቢሊዮን ዶላር ሊከፍል ተስማማ። ካይካን ውስጥ የሚያብረቀርቁትን አዳዲስ መኪኖች ስዞር ይህን አሰብኩ። ኪይቺሮም ቢሆን ድሉን አላየም፤ በ1950 ኩባንያው ሊከስር ደርሶ፣ ሠራተኛ ተቀንሶ፣ አድማ ተመትቶ ሥልጣኑን ለቀቀ፤ በ1952 በ57 ዓመቱ ሞተ።

ቅዳሜ

ናጋኩቴ ያለው የመኪና ሙዚየም ሊኒሞ በሚባል፣ ሐዲዱን ሳይነካ በማግኔት በሚንሳፈፍ ባቡር ይደረሳል። የተቀናቃኞቹ መኪኖች ሳይቀሩ ተሰልፈዋል።

የመጀመሪያዋ ኮሮላ የ1966 ናት። ከእርሷ በፊት በዚያው ዓመት ኒሳን 1,000 ሲሲ የሆነችውን ሰኒ አውጥቶ ነበር፤ ቶዮታ የራሱን ሞተር ወደ 1,100 ግድም ከፍ አድርጎ "የመቶ ሲሲ ብልጫ" እያለ አስተዋወቀ። የሠራት ዋና መሐንዲስ ታትሱኦ ሃሴጋዋ ቀድሞ የአውሮፕላን ሰው ነበር። ክራውን፣ ኮሮና፣ ኮሮላ፤ ሁሉም የዘውድ ስም ነው፤ የእኛዋ ትንሿ ዘውድ ናት። እስከ 2021 ድረስ ከ50 ሚሊዮን በላይ ኮሮላዎች ተሽጠዋል። ከእነርሱ አንዷ ቀበና ዳገት ላይ ስትተነፍስ እንደምትውል የሚያውቅ እዚህ ቤት እኔ ብቻ ነኝ።

ኮብራና ሃርድቶፕ የሚሉትን ስሞች ለምናውቅ ሰዎች የላንድ ክሩዘር አያትም አለች፤ በ1951 ቶዮታ ጂፕ ቢጄ ተብላ ፉጂ ተራራን እስከ ስድስተኛው የተራራ ወጪዎች ማረፊያ ጣቢያ የወጣችው። ስሟ የተቀየረው በ1954 ነው።

አንዲት መኪና ፊት ግን አንድ ሰዓት ቆየሁ። ኤኤ ትባላለች፤ የ1936፣ የቶዮታ የመጀመሪያ የቤት መኪና። ጥቁር፣ እንደ ጥንዚዛ ጀርባዋ የጎበጠ፣ ምንም ጭረት የሌለባት። ጭረት የሌለባት በድጋሚ የተሠራች ቅጂ ስለሆነች ነው። ከተሠሩት 1,404 መኪኖች የቀረች ኦሪጅናል እዚህ የለችም። የተገኘችው በ2008 ሩሲያ ውስጥ በቭላዲቮስቶክ አካባቢ ከአንድ ገበሬ ግቢ ነው፤ አሁን ሆላንድ ዘ ሄግ ከተማ ሉማን ሙዚየም ውስጥ ቆማለች። ፎቶዋን ስልኬ ላይ አውጥቼ ከቅጂዋ ጋር አስተያየሁ። ዝገት በዝገት ናት። መሪዋ ከቀኝ ወደ ግራ ተዛውሯል፣ ሲጎድልባት የሶቪየት መኪና ዕቃ ተገጥሞላታል። አንድ ስሙ የማይታወቅ የሩሲያ መካኒክ በብርድ እየተርገፈገፈ ያለውን ቀጣጥሎ አቆይቷታል።

ሳቄ መጣ። የእህቴ ቪትዝም እኮ መሪዋ ዱባይ ላይ ዞሮ ነው የገባችው። የአባቴ ኮሮላ ራዲያተር የሌላ መኪና ነው፣ ማርሚታዋ ተበይዶ ተበይዶ ከፋብሪካ የወጣው ብረት ምን ያህል እንደቀረው ጋሼም አያውቁ። ኦሪጅናል ፍለጋ ስድስት ቀን ዞሬ ያገኘሁት የሠሪው ቤት ቅጂ ይዞ፣ ኦሪጅናሉ ተጠጋግኖ ባዕድ አገር መኖሩን ነው።

እሑድ

ወደ ቶኪዮ ከመመለሴ በፊት የናጎያን ወደብ አየሁ። ከሩቅ፣ መስኮት እንደሌለው ሕንፃ የሚመስሉ የመኪና መርከቦች ቆመዋል። ወደ እኛ ግን በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና እንዳይገባ ከ2024 መጀመሪያ ጀምሮ ተከልክሏል። ስለዚህ አዲስ አበባ ላይ ያሉት ኮሮላዎችና ቪትዞች ያሉት ናቸው፤ ምትክ አይመጣላቸውም፤ መካኒኩ ይጠንክር ከማለት በቀር።

ጣቢያው ላይ ሆኜ ጋሼ ጋ ደወልኩ። እዚያ ገና ማለዳ ነው፤ ከቤተ ክርስቲያን መመለሳቸው ነበር።

"ጋሼ፣ እጀታዋን አጣኋት። ማምረት አቁመዋል።"

"ተዋት ልጄ፣ ተገኘች።"

"የት? ሶማሌ ተራ?"

"ኧረ ቶርኖ ቤት አስቀረጽኳት። ከአሉሚኒየም። ትንሽ ከበድ ትላለች እንጂ መስታወቱን እንደ ቅቤ ነው የምታወርደው። ገጥሜ ሞክሬያታለሁ።"

ያቺ የተሰበረችው እጄ ላይ ነበረች። ጣቢያው ውስጥ የቆሻሻ መጣያ ስፈልግ ሰባት ቀኔ ነው፤ በዚህ አገር መጣያ ብርቅ ነው።

"እንግዲያው ይህችን ልጣላት?"

"እንዳታደርገው!" አሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። "ይዘሃት ና። ሌላ ሰው ሲመጣ በእርሷ ነው የምለካለት።"